የቤት ንፋስ ተርባይን ማግኔት፦ የቱን ልግዛ? እንዴት ልቀይረው?

ንፋስ እየነፈሰ ባትሪው አልሞላ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማግኔቱን ነው። «ማግኔቱ ደክሟል» ይባላል። ማግኔት ግን ዝም ብሎ አይደክምም። ኒዮዲሚየም የሚባለው ጠንካራ ማግኔት ጥሩ ከሆነና ካልተነካካ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ዝገት።

የማወራው ብዙ ሰው በእጁ ስለሚሠራው ዓይነት ተርባይን ነው። ሁለት ክብ የብረት ዲስኮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ማግኔቶቹ እነሱ ላይ ተለጥፈዋል፣ በመሃል ደግሞ በሬዚን (ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ፈሳሽ) የታሸገ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ይህን ንድፍ በዓለም ያስፋፋው ሂው ፒጎት ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ስኮሬግ በምትባል፣ የመኪና መንገድ በማይገባባት ቦታ ኖሮ የሠራው። የክንፎቹ ዙር 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ተርባይን በየዲስኩ 12 ማግኔት ይይዛል፣ ጥቅሎቹ 9 ናቸው። የተለመደው ማግኔት 46 በ30 በ10 ሚሊ ሜትር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ምሰሶውን አውርዱ። ከተርባይኑ የሚመጡትን ሦስት ሽቦዎች ከባትሪው መስመር ለዩ። ቴስተሩን ተለዋጭ ቮልቴጅ ላይ አድርጉትና አንድ ሰው ተርባይኑን በእጁ በሰከንድ አንድ ዙር እንዲያዞር አድርጉ። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ አንደኛውን ከሦስተኛው ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ወይም ሁለቱ ከቀነሱ ጥፋቱ የጥቅል ወይም የሽቦ መገጣጠሚያ ነው፣ ማግኔት አይደለም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ማግኔት በእያንዳንዱ ጥቅል ፊት ያልፋል፤ አንድ ማግኔት ቢሞት ሦስቱም መስመሮች እኩል ይጎዳሉ። ሦስቱም ተባብረው ከድሮው ከቀነሱ ግን ያኔ ማግኔቱን ጠርጥሩ፣ ወይም በዲስኮቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፍቶ እንደሆነ እዩ።

እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ 24 ማግኔት አዝዤ፣ ስንት ሳምንት ጠብቄ፣ ዲስኩን ፈታሁት። ችግሩ ምሰሶው ሥር የዛገች አንዲት የሽቦ መገጣጠሚያ ነበረች። በአምስት ደቂቃ ልኬት የሚታወቅ ነገር ነበር።

እሺ፣ ማግኔቱ ነው እንበል። ሻጮች የሚጮኹት ቁጥሩን ነው፦ ኤን 35፣ ኤን 42፣ ኤን 52። ቁጥሩ ጉልበቱን ይናገራል። እናንተ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ፊደል እዩ። ፊደል ከሌለው የሚችለው እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ኤም 100፣ ኤች 120፣ ኤስኤች 150 ድረስ ይችላል። ከዚያ ካለፈ የተወሰነ ጉልበቱን ያጣል፣ ቢቀዘቅዝም አይመለስለትም። ክፍት ዲስክ ንፋስ ስለሚያገኝ ብዙም አይሞቅም፤ ማግኔቱ በተዘጋ የሞተር ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ኃይለኛ ንፋስ ባለበት ሌሊት ውስጡ ይግላል። የእኔ ምርጫ ኤን 42 ኤች ነው፣ ለተዘጋው ደግሞ ኤስኤች።

ኤን 52 ለምን አይሆንም? ጉልበተኛ ማግኔት ቮልቴጁን በዝግታ ዙርም ያወጣል፣ ባትሪው ቶሎ መሙላት ይጀምራል፣ ግን ክንፎቹን ወደ ኋላ ይይዛቸዋል። ክንፍ መፍጠን ባለበት ጊዜ ከተያዘ ንፋሱን መያዝ ያቅተዋል፣ ሲጎተት ይውላል። ይህ ደጋ ላይ ይብሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍሰው ንፋስ ለክንፉ የሚሰጠው ኃይል በዚያው ልክ ያንሳል። የድሮውን ማግኔት ትታችሁ የበረታ ብትገጥሙና ተርባይኑ ቢሰንፍ አትገረሙ። መፍትሔው በዲስኮቹ መሃል ሮንዴላ ጨምሮ ክፍተቱን ትንሽ ማስፋት ነው። ጥሩው ግን የነበረውን መጠንና ደረጃ መልሶ መግዛት ነው።

ሽፋኑንም ጠይቁ። ኒዮዲሚየም ውስጡ ብዙ ብረት አለበት፣ እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል። የተለመደው የኒኬል ሽፋን ጥፍር የምታክል ጭረት ካገኘችው ውሃ በዚያ ይገባል፣ ውስጡ ወደ ግራጫ ዱቄት ይለወጣል፣ ያብጣል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሬዚን እንደ ዳቦ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ቀን ጥቅሉን መፋቅ ሲጀምር ድምፁን ትሰማላችሁ። ኢፖክሲ የተቀባ ማግኔት ለእርጥብ አገር ይሻላል። ገንዘብ ካጠረና ክብደት ካላስጨነቃችሁ ፌራይት የሚባለው የማግኔት ዓይነትም አለ። ጉልበቱ ከኒዮዲሚየም በብዙ ያንሳል፣ ስለዚህ ዲስኩም ጥቅሉም በእሱ ልክ ገና ከመነሻው መሠራት አለበት፣ በድሮው ቦታ መተካት አይቻልም። ግን አይዝግም፤ ራሱ በአብዛኛው የብረት ዝገት ነውና።

አሁን ሥራው። ክንፎቹን ፍቱ። ሁለቱም ዲስኮች ጠርዝ ላይ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፤ ሲመለሱ አንድ ቀዳዳ እንኳ ቢዛነፉ ሰሜን ከሰሜን ይገጥምና ተርባይኑ ምንም አያመነጭም።

ዲስኮቹን በእጅ ወይም በካቻቢቴ ለማላቀቅ በፍጹም አትሞክሩ። የሚሳሳቡበት ኃይል ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፣ ጣት ይቆርጣል። የፊተኛው ዲስክ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሦስት ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው። ረጃጅም ቦሎን አስገቡባቸውና ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እየሰጣችሁ ዲስኩን በእኩል ግፉት። አንዱን ብቻ ካጠበቃችሁ ዲስኩ ያጋድልና ጥቅሉን ይሰብራል። የልብ ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው እዚያ አይቁም። ስልክና የባንክ ካርድ ሌላ ክፍል ይቀመጡ።

ሬዚኑ ውስጥ የበሰበሰው አንድ ማግኔት ብቻ ከሆነ በእንጨት ሽብልቅና በመሮ ቀስ ብሎ ይወጣል። መነጽር አድርጉ፤ ስብርባሪው እንደ ጠርሙስ ነው። በግራይንደርም በትራፓኖም አትንኩት፣ ብናኙ እሳት ይይዛል። ሦስት አራት ከሆኑ ግን አዲስ ዲስክ ሥሩ፣ የቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

አዲሱን ስትለጥፉ የማግኔቶቹን ቦታ በፕላይውድ ቆርጣችሁ ዲስኩ ላይ አስቀምጡ። አንድ ማግኔት ፈታሽ አድርጉና አንዱን ፊቱን በቴፕ ምልክት ስጡት። በቡጢ አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ ያንኑ ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ፣ በተለጠፉት ላይ አሳልፉት። መሳብ፣ መግፋት፣ መሳብ፣ መግፋት እያለ መዞር አለበት። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከሳበ አንዱ ተገልብጧል። ማግኔቱን ከላይ አትጣሉት፣ ከጠርዝ እያንሸራተታችሁ አስገቡት። የተረፉትን ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ። ሁለቱ ከተጋጩ ይሰባበራሉ፣ ሽፋናቸውም ያልቃል። በሱፐር ግሉ ያዙት፣ ከዚያ ፋይበርግላስ ደርባችሁ ሬዚን አፍስሱ። የውጭ ጠርዙ ላይ አትሰስቱ፤ ሲዞር ማግኔቱ የሚወረወረው ወደዚያ ነው።

ስትገጥሙ በዚያው ቦሎን ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ መስመሩ ይግጠም፣ ጥቅሉ ግራና ቀኝ እኩል ክፍተት ይኑረው። ከዚያ እንደገና በሰከንድ አንድ ዙር አዙራችሁ ሦስቱንም ለኩ። ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር በማርከር የባትሪው ሳጥን ክዳን ውስጥ ጻፏቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የምታነጻጽሩበት ይኖራችኋል።