ትልቅ ትምህርት ቤት ወይስ ትንሽ? ልጅ ከማስመዝገባችን በፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

ነሐሴ ሲጋመስ ጎንደር ውስጥ ወሬው ሁሉ ምዝገባ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። አዘዞ ካለ ትንሽ ትምህርት ቤት ወጥታ መሀል ከተማ፣ ብዙ ሕዝብ ወዳለበት ልትዛወር ነው። «ወንድም ዓለም፣ ይውጣታል እኮ!» አለችኝ እህቴ። ጠመኔ ይዤ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁትን ነገርኳት። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው የትምህርት ቤቱን ብዛት ከክፍሉ ብዛት ጋር ስናምታታ ነው። በር ላይ የሚተራመሰው ተማሪ ያስደነግጣል። ልጅቷ ግን የምትውለው ከክፍሏ ልጆች ጋር ነው። ሁለት ሺህ ተማሪ ይዞ በየክፍሉ አርባ የሚያስተምር ይኖራል። አራት መቶ ብቻ ይዞ ሰባውን አንድ ክፍል የሚያጭቅም አለ። የአገራችን መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1985 እስከ 1989 ትንንሽ ልጆችን በዕጣ መድበው አስተምረው ነበር። በአንድ ክፍል ከ13 እስከ 17 ሆነው የተማሩት፣ ከ22 እስከ 25 ከሆኑት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ ነው። ስለዚህ «ስንት ተማሪ አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ዘጠነኛ ስንት ሴክሽን ነው? በአንዱ ስንት ልጅ አለ?» በሉ።

ሌላው መምህሩን መርሳት ነው። እስቲ እናስላው። አንድ መምህር አምስት ሴክሽን ይዟል፣ በየሴክሽኑ 60 ልጅ አለ እንበል። 300 ደብተር ማለት ነው። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 15 ሰዓት ይፈጃል፤ ይህ ለአንድ የቤት ሥራ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ያርመው? ምልክት አድርጎ ያልፋል። እኔም አልፌያለሁ። ዓመቱ አልቆ ስማቸውን ያልያዝኩላቸው ልጆች ነበሩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ትንሽ ትምህርት ቤት ያለው መምህር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የፊዚክስ መምህሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሒሳብም ደርበው ይሰጡታል። ሲቸግረው የሚያማክረው የለም። ሲታመም ክፍለ ጊዜው ባዶ ይሆናል።

ትንሽ ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም ያሳስታል። የጌትስ ፋውንዴሽን በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለትንንሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። በ2009 ግን ቢል ጌትስ ራሱ ብዙዎቹ ውጤታቸውን ያን ያህል እንዳላሻሻሉ ጻፈ።

እዚህ ላይ ባነር እንዳያታልላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ 12 ልጅ አስፈትኖ 3 ያለፉለት «25 በመቶ አሳለፍን» ብሎ ቢሰቅል ማን አይማረክ? በዓመቱ አንድ ልጅ ብቻ ቢያልፍለት 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ሁለት ጎበዝ ልጆች ውጤቱን ሽቅብ ይጎትቱታል። የሦስት አራት ዓመቱን ጠይቁ።

ትልቁ ትምህርት ቤት ሁሉም ነገር ስላለው ልጄ ይጠቀማል ማለትም አለ። እውነት ነው፤ ላብራቶሪው፣ ሚኒ ሚዲያው፣ የቀይ መስቀል ክበቡ ይኖራል። ባርከርና ገምፕ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ካንሳስ ውስጥ አጥንተው በፈረንጆቹ በ1964 ያወጡት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የትንሽ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በእንቅስቃሴዎች የበለጠ ይሳተፉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድራማ ለመሥራት ሰው ካነሰ ዓይን አፋሯም ትፈለጋለች። ትልቁ ጋ ደፋሮቹ ይሞሉታል፤ እሷ ተመልካች ትሆናለች። ስለዚህ ልጃችሁ መስከረም ላይ አንድ ክበብ ይያዝ። አንድ ይበቃል።

ብዛት ካለ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ግን ከጎንደር ሰው አይጠበቅም። የኔታ ሁሉን ደቀ መዝሙር ብቻቸውን አይዙም፤ ከፍ ያሉት ጀማሪዎቹን ያስቀጽላሉ። ትልቅ ትምህርት ቤትም የክፍል ኃላፊው ልጆቹን በስም ካወቀ፣ ጎበዞቹ ደካሞቹን ከያዙ፣ ውስጡ ትንሽ መሆን ይችላል።

እህቴ አሁንም ልቧ አልረጋም። መስከረም ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ የክፍል ኃላፊውን አብረን ልናገኘው ተቃጥረናል።