ጽጌረዳ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጽጌረዳዬ ቀለሟን ቀየረችብኝ» የሚል አቤቱታ መስማት ሰልችቶኛል። ቢጫ አበባ ትሰጥ የነበረች ተክል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትንንሽ፣ ጠቆር ያሉ ቀይ አበቦች ታወጣና ባለቤቷ አፈሩን፣ ማዳበሪያውን፣ አልፎ አልፎም ችግኙን የሸጠለትን ሰው ይወቅሳል። እውነቱ ግን ቢጫዋ ጽጌረዳ ቀለም አልቀየረችም፤ ወይ ሞታለች ወይ እየሞተች ነው። ለሽያጭ ከሚቀርቡት የጽጌረዳ ችግኞች ብዙዎቹ የሁለት ተክሎች ጥምር ናቸው፤ ከላይ ለአበባው የተወደደው ዝርያ፣ ከታች ደግሞ ለሥሩ ብርታት ብቻ የተመረጠ ሌላ ጽጌረዳ አለ። ከታችኛው የሚወጣ ቡቃያ ቸል ከተባለ፣ እድገቱ ፈጣን ስለሆነ ምግቡንም ብርሃኑንም እየተሻማ የላይኛውን ያቀጭጨዋል። ለሥር ከሚመረጡት አንዱ የሆነው «ዶክተር ሂዩይ» አበባው ያው ጠቆር ያለው ቀይ ነው፤ «ሙልቲፍሎራ» ከሆነ ደግሞ በዘለላ የተሰበሰቡ ትንንሽ ነጭ አበቦች ይታያሉ።

ይህን ቡቃያ ለመለየት «ቅጠሉ በሰባት ከተከፈለ ንቀለው» የሚለውን ምክር አይቀበሉ። ቅጠላቸው በሰባት የሚከፈል መልካም ዝርያዎች ብዙ ናቸውና በዚህ ምክር ምክንያት ስንት ጤነኛ ቅርንጫፍ ሲጣል አይቻለሁ። የሚያስተማምነው ምልክት የቡቃያው መነሻ ነው። ከግንዱ ግርጌ ያለውን አፈር በጣትዎ ገለጥ ሲያደርጉ ሁለቱ ተክሎች የተጋጠሙበትን እብጠት ያገኛሉ፤ ከዚያ በታች የበቀለ ሁሉ የታችኛው ተክል ነው። ጓንት አጥልቀው ከመነሻው ወደ ታች ገንጥለው ያውጡት። በመቀስ ከአፈሩ እኩል መቁረጥ ግን ነገሩን ማባባስ ነው፤ በቀረው ጉቶ ላይ ያሉት ዓይኖች፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ ይነቁና በአንዱ ምትክ ብዙ ቡቃያ ይወጣል።

ሁለተኛው ስህተት አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ማጠብ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠሉን ለመያዝ 7 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ እርጥበት ይበቃዋል፤ ማታ የረጠበ ቅጠል ደግሞ እስኪነጋ ላይደርቅ ይችላል። ውሃውን ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ያፍሱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ አፈሩ በጥልቀት እስኪርስ አጠጥቶ ቀናትን መዝለል ይሻላል፤ አለበለዚያ ሥሩ ወደ ላይ ይቀርና ለድርቅ ይጋለጣል።

ጀማሪዎች መቀስ ይዘው ተክሉ ፊት ሲቆሙ የሚያድርባቸውን ፍርሃት እወደዋለሁ፤ ለተክሉ የሚሳሱ መሆናቸውን ያሳያልና። ሆኖም ጽጌረዳ ከቆራጭ እጅ ይልቅ የሚጎዳው በፈሪ እጅ ነው። የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ያስወግዱ፤ የቀረውንም ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብለው ይቁረጡ፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ያድግና መካከሉ አየር ያገኛል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብቡት ነባር ዝርያዎች ግን አበባቸው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለሚወጣ፣ የሚገረዙት አብበው ከጨረሱ በኋላ ነው። ከማበባቸው በፊት የገረዛቸው ሰው የዚያን ዓመት አበባ ቆርጦ ጥሏል።

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይ ተክሎ አበባ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ለምለም ቅጠልና ጥቂት አበባ ያስከትላል፤ ለስላሳው ቡቃያ ደግሞ ክሽክሽን፣ ጭማቂ የሚመጡትን ትንንሽ ተባዮች፣ ይጋብዛል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

የረገፉትን ነጠብጣባም ቅጠሎች እንደ ጉዝጓዝ ቆጥረው ከግንዱ ሥር የሚተዉም አሉ። ፈንገሱ በእነዚያ ቅጠሎች ላይ ስለሚቆይ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍባቸው ተፈናጥሮ እንደገና ወደ ተክሉ ይወጣል። ስለዚህ ለቅመው ከአትክልቱ ቦታ ያርቋቸው፤ ለጉዝጓዝ ንጹሕ ገለባ ወይም በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ይጠቀሙ፤ እርሱንም ግንዱን እንዳይነካ ፈቀቅ አድርገው ይበትኑት።