የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከማረሚያ ቤት ሲወጣ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ምን እናድርግ? ለድሬዳዋና ለሐረር ቤተሰቦች

እንደ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያመጣ) እና ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት) ያለ ከባድ ሕመም ያለበት ታራሚ ሲፈታ አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የያዘው ክኒን ያልቃል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ እሱም «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ዝግጅቱን ገና ሳይወጣ ጀምሩ።

ከመፈታቱ በፊት

በአመክሮም ይሁን በይቅርታ፣ የሚፈታበት ቀን እንደታወቀ የማረሚያ ቤቱን ክሊኒክ ባለሙያ አነጋግሩ። መረጃው የታማሚው ነውና መጀመሪያ እሱን አስፈቅዱ። የሕመሙ ስምና የመድኃኒቱ መጠን የተጻፈበት ማጠቃለያ፣ ሪፈር ወረቀት፣ እስከ ቀጠሮው የሚያደርስ መድኃኒት ጠይቁ። እንደ ፍሉፌናዚን ያለ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ የሚወስድ ከሆነ መጨረሻ የተወጋበትን ቀን አስጽፉ። ያ ቀን ካልታወቀ ቀጣዩ ሐኪም በግምት ለመሥራት ይገደዳል።

በወጣበት ሳምንት

ድግሱ ይቆይ፤ ጫጫታና የሰው ብዛት እንቅልፍ ይነሳዋል። ወረቀቱን ይዛችሁ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰዱትና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜ አልፎበት ከሆነ ቶሎ አሳድሱለት፤ ለጤና መድንም ይፈለጋል።

እቤት ውስጥ

ክኒኑን በሰዓቱ የሚያስታውስ አንድ ሰው ይመደብ፤ እሱ የሚያምነው ሰው ቢሆን ይመረጣል። በምግብ ውስጥ ደብቃችሁ አትስጡት፤ የደረሰበት ዕለት የእናንተንም ምግብ መጠራጠር ይጀምራል። ሰውነቱ ከተገተረ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም መቀመጥ ካቃተው መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል። ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የድሬን ሙቀት አትናቁት። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያውካሉ፤ ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ውኃ ካጠረው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ማስመለስ፣ ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ከታየበት ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። ረመዳን ወይም ሌላ ጾም ሲመጣ የሰዓቱን ለውጥ ሐኪሙ ይወስን።

ስለ ጫት በግልጽ እናውራ። የአወዳይ ጫት ከሰዓት በየደጁ በሚደርስበት አገር «አትቃም» ማለት ቀላል አይደለም፤ በርጫው ጓደኛ የሚገኝበት ቦታ ነው። ነገር ግን ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጥርጣሬና የሌለ ድምፅ መስማትን ይቀሰቅሳል። ጓደኞቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ከሰዓቱን የሚይዝለት ቀለል ያለ ሥራም ፈልጉለት።

ቁልቢ ገብርኤል መሳለም፣ ጸበል መጠመቅ ወይም ቁርዓን ማስቀራት ከፈለገ አትከልክሉት፤ ክኒኑም አብሮ ይሂድ። በሰንሰለት ማሰር ግን ይጎዳዋል።

ሊያገረሽ ሲል

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው እንቅልፉ ነው። ሁለት ሌሊት ካልተኛ፣ ብቻውን ማውራት ከጀመረ ወይም ምግብ ከተጠራጠረ ቀጠሮውን አስቀድሙ። ስለ መሞት ካወራ ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ ስለታም ነገርና ፀረ ተባይ ከቤት አውጡ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አትጠብቁ።