ያለ ኢንተርንሺፕ የጀማሪ አካውንታንት ሥራ እንዴት ይገኛል?

ብዙ የአካውንቲንግ ተመራቂዎች የሥራ ማስታወቂያ እያነበቡ «የሥራ ልምድ» ከሚለው መስመር ሲደርሱ ተስፋ ይቆርጣሉ። ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በተማሪነት ጊዜ የሚደረግ የሥራ ልምምድ፣ ያልወጡት ብቻ ሳይሆኑ ወጥተው ፎቶ ኮፒ ሲያነሱና ፋይል ሲደረድሩ የከረሙትም እንዲሁ ናቸው። ሆኖም ቀጣሪው ልምድ የሚጠይቀው ለወረቀቱ ብሎ አይደለም። ደረሰኝ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው የወሩን የግብር ማሳወቂያ ቢያበላሽ ቅጣቱን የሚከፍለው ድርጅቱ ስለሆነ ነው። ይህን ስጋት በማስረጃ ማስወገድ የሚችል ጀማሪ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ባይኖረውም ተወዳዳሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ማመልከቻ ማስገባት ከመጀመርዎ በፊት የአንድን ወር ሂሳብ ከደረሰኝ እስከ ግብር ማሳወቂያ ድረስ በራስዎ እጅ ዘግተው ይዩ። ሱቅ፣ ካፌ ወይም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለዎት፣ የአንድ ያለፈ ወር የሽያጭ፣ የግዢና የባንክ ሰነዶች ቅጂ እንዲሰጥዎ ይለምኑት፤ የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን እንደሚሸፍኑም ቃል ይግቡለት። ሰነዱን ሲቀበሉ ከመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኙ ነገሮችን ያያሉ፦ የደበዘዘ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ፣ የገዢው ስም ያልተጻፈበት የግዢ ደረሰኝ፣ ቫት ያለበትና የሌለበት ግዢ ተቀላቅሎ የታሰረበት ፋይል። እነዚህን መለየት ራሱ የጀማሪ አካውንታንት የዕለት ሥራ ነው።

ጀማሪዎች በፈተና ላይ የሚወድቁባቸው ስሌቶች ጥቂት ናቸው። ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር የተሸጠ ዕቃ ቢሰጥዎ፣ የ11,500ን 15 በመቶ አስልቶ 1,725 ብር ማለት ስሕተት ነው። ዋጋውን ለ1.15 አካፍለው ሽያጩ 10,000፣ ቫቱ 1,500 ብር መሆኑን ማሳየት አለብዎ። ደመወዝ ላይም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው እየተከፋፈለ ከ15 እስከ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ 2,250 ብር የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ማለትም 840 ብር ተቀንሶበት 8,910 ብር እጁ ላይ ይደርሳል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይጨምራል። ይህን ወደ ጆርናል (የሂሳብ መዝገብ) ሲያስገቡ ደመወዙና የአሠሪው መዋጮ ስለሚደመሩ ዴቢቱም ክሬዲቱም 13,320 ብር ላይ መገናኘት አለበት። አሮጌውን የግብር ሠንጠረዥ ሸምድዶ የመጣ አመልካች በዚህ ጥያቄ ላይ ወዲያውኑ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የያዙትን የደመወዝ ምሳሌ በሙሉ በአዲሱ መጠን እንደገና ይሥሩት።

ሌላው ቀኑ ነው። ወርሃዊው የግብር ማሳወቂያ የሚሞላው በኢትዮጵያ ወር ሲሆን የባንክ ስቴትመንት የሚወጣው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መስከረም 30 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 10 ላይ ስለሚውል፣ የመስከረምን የባንክ ሂሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር የሚያስታርቅ ሰው የሁለት ወር ስቴትመንት ቆርጦ መቀጠል ይኖርበታል። ተጽፎ ለባንክ ያልቀረበ ቼክና ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያም በዚሁ ሥራ ላይ ይገኛሉ። ይህን ሠርተው በሁለት ገጽ ካሳተሙት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ልምድ አለዎት?» ሲባሉ ወረቀቱን አውጥተው ማሳየት ይችላሉ። ከየትኛውም ምስጋና የተሞላ ማመልከቻ ይልቅ ይህ ወረቀት ጠያቂውን እንደሚያነጋግረው እርግጠኛ ነኝ።

ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ነገር መዝለል አይቻልም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚወጡ ብዙ የአካውንታንት ማስታወቂያዎች አሁንም በስሙ ይጠሩታል። የሥልጠና ሰርተፍኬት መያዝ መልካም ቢሆንም፣ ለፈተና የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ድርጅት ክፈት፣ የሂሳብ መደቦችን አስገባ፣ መነሻ ሂሳብ መዝግብ፣ ትራያል ባላንስ (ዴቢትና ክሬዲት እኩል መሆናቸውን የሚያሳይ ዝርዝር) አውጣ የሚል ነው። ስለዚህ የሰበሰቡትን የአንድ ወር ሰነድ በኤክሴል ከሠሩ በኋላ እዚያው ላይ ይድገሙት።

ማኅተም ያለበት ማስረጃ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በሰፈርዎ ይጀምሩ። ዕድር፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር፣ ሰበካ ጉባኤ፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉም ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ያወጣሉ፣ ለአባላት ሪፖርት ማቅረብም አለባቸው፤ ሂሳቡን በሥርዓት የሚያዘጋጅላቸው ሰው ግን ዘወትር አያገኙም። የዓመቱን ገቢና ወጪ አስታርቀው ለጠቅላላ ጉባኤው ካቀረቡ በኋላ፣ የሠሩትን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ሲቪዎ ላይም በኩራት ሊጻፍ ይገባል። የሐሰት የልምድ ደብዳቤ የሚያጽፉ ሰዎች መኖራቸው ይታወቃል፤ በዚህ ሙያ ግን ታማኝነት የሥራው መሠረት በመሆኑ እንዲህ ያለ ወረቀት ከመያዝ ባዶ እጅ መቅረብ ይሻላል።

ወቅቱንም ይምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ያሳውቃሉ። ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በየሕንፃው ፎቅ ላይ ያሉ ትናንሽ የሂሳብ አገልግሎትና የኦዲት ቢሮዎች ሰነድ የሚያስገባ እጅ የሚያጥራቸው በእነዚህ አራት ወራት ነው። ማስታወቂያ ሳያወጡ በሰው ጥቆማ ስለሚወስዱም፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ በአካል ሄደው ሲቪዎንና የሠሩትን የአንድ ወር ሂሳብ ያስቀምጡ። ክፍያው አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ወቅት የብዙ ዓይነት ድርጅቶችን መዝገብ የማየት ዕድል ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ከቢሮዎቹ ጎን ለጎን ሆቴሎችን አይርሱ። ካሸር፣ የስቶር ሠራተኛ፣ ኮስት ኮንትሮል (የወጪ ቁጥጥር)፣ ኢንካም ኦዲተር (የዕለት ገቢ መርማሪ) የሚባሉ መደቦች ስላሏቸው ከታች ገብቶ ወደ ሂሳብ ክፍል ማደግ የተለመደ ነው። ባንኮች ደግሞ ዜሮ ዓመት ልምድ ያላቸውን ተመራቂዎች ሲቀጥሩ በውጤትና በጽሑፍ ፈተና ስለሚለዩ ኢንተርንሺፕ አለመውጣት እዚያ ብዙም አይጎዳም። ሪፖርተር ጋዜጣን፣ ኢትዮጆብስ የተባለውን የሥራ ድረ ገጽና የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን መከታተል የሁሉም ሰው ልማድ ስለሆነ እሱ ላይ አልቆይም፤ ለማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ግን ይራቁ።

ሰነዶችዎን አስቀድመው ያሟሉ፦ ዲግሪ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ገንዘብ የሚነካ መደብ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል። ሥራውን ካገኙ በኋላ ዋስ ፍለጋ መሮጥ መደቡን ለተጠባባቂ ሊያሳልፈው ስለሚችል፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ፈቃደኝነቱን ከወዲሁ እንዲገልጽልዎ ያድርጉ፤ የሚፈርመው የገንዘብ ኃላፊነት መሆኑንም በግልጽ ይንገሩት።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ውልዎን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም የሥራ ግብርዎና የጡረታ መዋጮዎ በስምዎ መከፈሉን ያረጋግጡ። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉና፣ ክፍያው ያልተመዘገበ ዓመት ነገ ሌላ ቦታ ሲያመለክቱ ላይቆጠርልዎ ይችላል።