በሰው ቸልተኝነት ስትጎዱ ጠበቃ አቀጣጠር፦ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ አዲስ ገቢዎች

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ አዲስ ለገባ ሰው ስለ አደጋ ካሳ አስቀድሞ መነገር ያለበት አንድ ከባድ ሕግ አለ። ለደረሰው አደጋ የእናንተም ጥፋት ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካለው ካሳው በሙሉ ሊቀርባችሁ ይችላል። አንድ በመቶም ብትሆን። የኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ተጎጂው ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነስ ይላል እንጂ ይቅር አይልም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶችም እንደዚያ ናቸው። የድሮውን ደንብ ይዘው የቀሩት እነዚህ ሦስቱ፣ አላባማና ሰሜን ካሮላይና ብቻ ናቸው። ዲሲ በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ሕጉን አላልታዋለች፤ ጥፋታቸው ከሌላው ወገን ካልበለጠ ካሳቸው አይቀርም። መኪና ለሚነዳ ሰው ግን ደንቡ እንዳለ ነው።

ይህንን ያስቀደምኩት ከአደጋው በኋላ የሚሆነው ነገር ሁሉ በዚህች አንድ በመቶ ላይ ስለሚያጠነጥን ነው። የገጫችሁ ሰው ኢንሹራንስ በማግስቱ ይደውላል። የሚደውለው ሰው ጨዋ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ስንጠየቅ ፈጣሪን አመስግነን ደህና ነን ማለት ልማዳችን ነው። ወገባችን እየተቆረጠ እንኳ እንደዚያ እንላለን። ያ መልስ ይቀዳል። «ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር» ወይም «መኪናውን አላየሁትም» ብትሉ እሱም ይቀዳል፣ ከወራት በኋላም ፊታችሁ ይቀርባል። ለሌላው ሰው ኢንሹራንስ የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ስማቸውንና የክሌይም (የካሳ ጥያቄ) ቁጥሩን ተቀብላችሁ «ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ እንነጋገራለን» ማለት ይበቃል። የራሳችሁ ኢንሹራንስ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ በውላችሁ መሠረት አደጋውን ማሳወቅና መተባበር አለባችሁ።

ቦታው ላይ 911 ደውሉ። የሚያማችሁ ነገር ካለ ለፖሊሱ ንገሩ። ሰው አልተጎዳም ከተባለ ፖሊስ ሪፖርት ሳይጽፍ ሊሄድ ይችላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ የስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ። በተለይ ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም በብዛት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ታርጋውን፣ መኪኖቹን፣ መንገዱንና መብራቱን ፎቶ አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ሱቅ ውስጥ እርጥብ ወለል አንሸራቷችሁ ከሆነ ወይም ያልተጠረገ የአፓርታማ ደረጃ ላይ ወድቃችሁ ከሆነ፣ ወለሉ ከመጠረጉ በፊት ፎቶ አንሱና ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ እንዲመዘግበው አድርጉ። የሱቅ ካሜራ ቪዲዮ ቶሎ ይደመሰሳል። ጠበቃ ቀድሞ መያዝ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ቪዲዮው እንዳይጠፋ ወዲያውኑ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ። ብዙ አዲስ የመጣ ሰው የሕክምና ቢሉን (ሒሳቡን) ፈርቶ ቤቱ ይተኛል፣ ወገቡን በቅባት እያሸ ሥራውን ይቀጥላል። የአንገትና የወገብ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ከሄዳችሁ ኢንሹራንሱ «ሌላ ቦታ የተጎዳው ነው» ይላል። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የላችሁም ብሎ ሳይመረምር ሊመልሳችሁ አይችልም፤ ከ1986 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ቢሉ በኋላ ይመጣል፣ እሱ እውነት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ፖሊሲዎች (ውሎች) ፒአይፒ የሚባል ሽፋን አላቸው፤ ባለቤቱ በፊርማ ካልተወው በቀር ቢያንስ 2,500 ዶላር ለሕክምናና ለቀረ ደሞዝ ይከፍላል። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ሕመማችሁን በየቀኑ ባጭሩ ጻፉት። ያልተኛችሁበት ሌሊት፣ ልጅ ማንሳት ያቃታችሁ ቀን፣ የቀራችሁበት ሥራ። ይህ ለኛ እንግዳ ነው። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ስለዚህ ስቃይ በራሱ ዋጋ አለው ብለን አናስብም። እዚህ ግን ከካሳው ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ካልጻፋችሁት ደግሞ ይረሳል።

ጠበቃ ለሁሉም ነገር አያስፈልግም። መኪናው ብቻ ተጋጭቶ እናንተ ካልተነካችሁ ከኢንሹራንሱ ጋር ራሳችሁ ጨርሱት። ባይስማሙም አነስተኛ ገንዘብ የሚያይ ፍርድ ቤት አለ፤ ዲሲ እስከ 10,000 ዶላር፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር ያያል፣ ያለ ጠበቃ ይኬድበታል። አምቡላንስ ከወሰዳችሁ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ ሕክምናው ከቀጠለ፣ ሥራ ካስቀራችሁ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ ግን ብቻችሁን አትግቡበት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አደጋ በደረሰ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የማታውቁት ሰው ይደውላል። አንዳንዱ በአማርኛ ነው የሚያወራው። «ጥሩ ጠበቃ አለኝ፣ ክሊኒክም አለ፣ መኪና ልኬ አስወስድሃለሁ፣ ብር አትከፍልም» ይላል። ሆስፒታል ድረስ የሚመጣም አለ። የሀገሬ ሰው ሰላም አለኝ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ይህ ደላላ ነው። ጠበቃ ወይም የጠበቃ ሰው የማያውቀውን ተጎጂ እየደወለ ወይም በአካል እየሄደ ሥራ እንዳይለምን በብዙ ሁኔታ የሙያው ደንብ ወይም ሕግ ይከለክለዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለጠበቃ ደንበኛ ማደን ወንጀልም ነው። ደላላው ከጠበቃው ክፍያ መካፈል አይችልም። በፖስታ የሚመጣ ማስታወቂያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የተፈቀደ ነው፣ ልታነቡትም ልትጥሉትም ትችላላችሁ። ደላላ ይዞ የሚመጣው ጠበቃ ግን ገና ከበሩ ደንብ ጥሶ የገባ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የእናንተን ገንዘብ በታማኝነት ይይዛል ብዬ አላምንም።

ከደላላው ጋር የሚመጣው ክሊኒክ የባሰ አደገኛ ነው። ያልሄዳችሁበትን ቀን ፈርሙ ከተባላችሁ አትፈርሙ። መኪና ውስጥ ያልነበረ ዘመድ «አብሮኝ ነበር በል» ከተባለ እምቢ በሉ። ይህ የኢንሹራንስ ማጭበርበር ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ቢፈረድበት ሊያጣ የሚችለው ካሳውን ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር የመኖር መብቱንም ነው።

ጠበቃ ስትፈልጉ እንግዲህ እናንተ ሂዱበት። ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ጠይቁ፤ ጠበቃው ስልክ ይመልስ ነበር ወይ፣ በመጨረሻ እጁ ላይ ስንት ቀረ ብላችሁ። ጠበቃ በየስቴቱ ነው ፈቃድ የሚያወጣው። አደጋው ቨርጂኒያ ከደረሰ ሜሪላንድ ውስጥ ብትኖሩም የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ይሻላል። ስሙን በየስቴቱ የጠበቆች ማኅበር ወይም የፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል፤ የተቀጣ መሆኑንም መጠየቅ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ምክክር በዚህ ዓይነት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ አነጋግሩ፣ በዚያው ቀን አትፈርሙ።

በአማርኛ የሚያስተዋውቅ ቢሮ ሁሉ አማርኛ የሚናገር ጠበቃ አለው ማለት አይደለም። አማርኛ የምትናገረው ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ብቻ ልትሆን ትችላለች። በራሱ ክፋት የለውም፤ ግን ጉዳያችሁን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ እሱን በቀጥታ ማግኘት ትችሉ እንደሆነ፣ በስብሰባ ጊዜ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን ጉዳት ለጠበቃ መተርጎም የለበትም። ሌላ የምወደው ጥያቄ አለ፦ «ኢንሹራንሱ ጥሩ ገንዘብ ካላቀረበ ፍርድ ቤት ትገባለህ ወይ? በቅርቡ መቼ ገባህ?» ሁልጊዜ በድርድር ብቻ የሚጨርስ ጠበቃን ኢንሹራንሶቹ ያውቁታል፣ የሚያቀርቡለትም በዚያው ልክ ነው።

ክፍያው ከካሳው በመቶኛ ነው። የተለመደው ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ክስ ከተመሠረተ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ካሳ ካልተገኘ የጠበቃ ክፍያ የለም። ይህ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ደንብ ነው። ሰው የማያየው ወጪውን ነው፤ የሕክምና መዝገብ ማውጫ፣ የፍርድ ቤት ክፍያ፣ የባለሙያ ምስክር። 30,000 ዶላር ተገኘ፣ ወጪው 1,500 ነው፣ የሕክምና ዕዳው 9,000 ነው እንበል። ጠበቃው ሦስተኛውን ከጠቅላላው ላይ ካሰበ 10,000 ይወስዳል፤ ለእናንተ 9,500 ይቀራል። ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ካሰበ 9,500 ይወስድና ለእናንተ 10,000 ይቀራል። ጉዳዩ ትልቅ ሲሆን ልዩነቱም ያድጋል። ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለውንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የሕክምና ዕዳውን ከሐኪሞቹ ጋር ተደራድሮ የሚያስቀንስ ጠበቃ ወርቅ ነው።

ሚሊዮን የሚያወራ ማስታወቂያ አያታልላችሁ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚወስነው የገጫችሁ ሰው ፖሊሲ ነው። ለአንድ ተጎጂ ዝቅተኛው ዲሲ 25,000፣ ሜሪላንድ 30,000፣ ቨርጂኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 50,000 ዶላር ነው። ጨርሶ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ገጭቶ የሚያመልጥ ሰውም አለ። ያኔ የሚደርስላችሁ የራሳችሁ ፖሊሲ ውስጥ ያለው ኢንሹራንስ ለሌለው ነጂ የሚሆን ሽፋን ነው። መኪና ስትገዙ እሱን ከፍ አድርጉት።

ለኡበርና ለሊፍት ነጂዎች ደግሞ አንድ ነገር። ጉዞ ከተቀበላችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ተሳፋሪው እስኪወርድ ድረስ የኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ይሠራል። አፑን ከፍታችሁ ስትጠብቁ ሽፋኑ በጣም ይወርዳል። የራሳችሁ ተራ ፖሊሲ ደግሞ ለሥራ ስትነዱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ አደጋው በደረሰበት ሰዓት አፑ ምን ላይ እንደነበር በስክሪንሾት ያዙ። ፓርኪንግ፣ ሆቴል ወይም መጋዘን ውስጥ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በአብዛኛው አሠሪውን አይከስም፤ ካሳው የሚመጣው ከሠራተኞች የጉዳት ኢንሹራንስ ነው፣ ጥፋተኛ መፈለግም አያስፈልገውም። ለአለቃችሁ ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቁ። ጉዳቱን ያደረሰው የሌላ ድርጅት ሰው ከሆነ ግን ሁለተኛ ጉዳይ ሊኖራችሁ ይችላል። ይህን ለጠበቃው አንሡለት።

ጊዜው ያልቃል። ክስ ለመመሥረት ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 2 ዓመት ይሰጣሉ። የገጫችሁ የከተማው መኪና ከሆነ ወይም የወደቃችሁት በተሰበረ የከተማ እግረኛ መንገድ ላይ ከሆነ በጣም ያጥራል፤ ዲሲ ውስጥ በ6 ወር ጊዜ በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ክሱ ሳይታይ ይቀርበታል።

የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብሎ ዝም የሚል ወገን አለ። የተጎዳ ሰው ካሳ የመጠየቅ መብቱ በወረቀት አይወሰንም። ለጠበቃው የነገራችሁት ነገር ምስጢር ነው። ስለዚህ ሁሉንም ንገሩት፤ በካሽ የሠራችሁትን፣ ታክስ ያልገባበትን ገቢ፣ የድሮ የወገብ ሕመማችሁን። ኢንሹራንሱ ካገኘው በኋላ ከሚሰማ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ድርድሩ ሲደርስ ጠበቃው ያለ እናንተ ፈቃድ መስማማት አይችልም። የቀረበውን ሁሉ ሊነግራችሁ ይገባል። አንዴ ከፈረማችሁ ግን በኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ቢባል እንኳ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሐኪማችሁ ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግራችሁ አትቸኩሉ። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ጠበቃው ለደንበኞች ለብቻ በሚይዘው አካውንት ነው። ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስንት ገባ፣ ለማን ስንት ወጣ። ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ሕክምናችሁን ከፍሎ ከሆነ ከካሳው ላይ ይመለስለታል። በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የተከፈለ ካሳ የፌዴራል የገቢ ግብር የለበትም። ነገር ግን እናት ወይም አባት ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ አንድ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ካለው ክፍያው ይቆማል። ይህን ለጠበቃው የምትነግሩት ከስምምነቱ በፊት መሆን አለበት፤ ቼኩ ባንክ ከገባ በኋላ ማስተካከያው በጣም ይጠብባል።