ካምቢዮ ቀይራችሁ ማርሽ ከዘለለ፣ ካልገባ ወይ ከጮኸ፦ ካምቢዮውን ከመፍታታችሁ በፊት

ይሄን የምጽፈው ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ልጆች የድሮ ኮሮላ ላይ ትልቅ ሞተርና ሌላ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እየገጠሙ ስለሆነ ነው፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ቀድሞ የሚሮጠው ካምቢዮውን ለመክፈት ነው። እኔም እንደዛ አርጌ ሁለት ጊዜ በከንቱ አስፈትቻለሁ። አሁን የማምነው፣ ደህና ሆኖ የገባ ካምቢዮ ከተቀየረ በኋላ ካስቸገረ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አይደለም፣ ከመኪናው ጋር የተገናኘበት ቦታ ላይ ነው።

የኔዋ ኬኢ70 ኮሮላ ናት። የገባላት ሞተር ከፊት እግር ነጂ ቶዮታ የወጣ 4ኤ-ጂኢ ነው፣ 1.6 ሊትር 16 ቫልቭ። የድሮው የኬ ሞተር ካምቢዮ ኬ50 የኤ ሞተር ላይ አይገጥምም፣ የቡሎን ቀዳዳው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ኤኢ86 የምትባለው የኋላ እግር ነጂ ኮሮላ ላይ የሚመጣውን ቲ50 አምስት ማርሽ ካምቢዮ ፈልጌ አገኘሁ።

ማርሽ ሲዘል

ከደሴ ሐረጎን ስወርድ በ3ኛ ሞተር እየያዘልኝ ድንገት ጧ ብሎ ከማርሽ ይወጣና ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ይገባል። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ አውቶብስ፣ መኪናዋ በሞተር መያዟን ትታ ስትለቀቅ ሆድ ይርዳል። አንድ ጋራዥ ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት) ነው ብለው ፈቱት፣ ቀየሩት፣ ያው ሆነ። ሌላው ደግሞ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ነው ብሎ ፈታ፣ ያው።

በኋላ ኮምቦልቻ አንድ በእድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ሄጄ «አባባ እስቲ አንቱ ይዩልኝ» አልኳቸው። ቁልፍ እንኳን አላነሱም። «የሚዘለው የትኛው ነው ልጄ?» አሉኝ። 3ኛና 5ኛ አልኳቸው። «2ኛና 4ኛስ?» በጭራሽ አልኩ። ገብተው ቁጭ አሉና 3ኛ አስገቡ፣ የማርሹን ጎማ ወደ ላይ ገልበጥ አርገው ጣታቸውን በማርሽ ዘንጉና በወለሉ ላሜራ መሀል ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አልገባም። ላሜራው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብር የመሰለ የጥፍር ስፋት ያለው ጭረት ነበር። ወላሂ ያን ጭረት ሳይ ያወጣሁት ብር ሁሉ ታወሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቲ50 ማርሽ ዘንግ የሚወጣበት ቦታ ከድሮው ጋር ልክ ስላልመጣ ወለሉን ቆርጠን ነበር፣ ግን የለካነው ሞተሩ ቆሞ ነው፣ ሲነዳ ሞተርና ካምቢዮ እንደሚነቃነቁ ረስተን። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ ወደ ፊት ነው የሚገቡት፣ ዘንጉ የፊቱን ጠርዝ ስለሚነካ ማርሹ እስከመጨረሻው አይገባም፣ ግማሽ ጥርስ ይዞ ይቀራል፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቁ ጫናው ሲገለበጥ ተንሸራቶ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ፊት የሚገቡት ብቻ ከዘለሉ የፊት ጠርዙን፣ ወደ ኋላ የሚገቡት ብቻ ከሆነ የኋላውን እዩ። አንድ ማርሽ ብቻውን ከዘለለ ያኔ ውስጡን መጠርጠር ያስኬዳል፣ ሹካ፣ ሲንክሮ፣ የተበላ ጥርስ።

መፍትሄው ጠርዙን ሌላ አንድ ሴንቲ ተኩል መቁረጥ፣ በሞረድ ማለስለስ፣ እንዳይዝግ ቀለም መቀባትና ለስላሳ ጎማ ማልበስ ነው፣ ደረቅ ጎማም ራሱ ዘንጉን ይጎትተዋል። ክፍት እንዳትተውት፣ አቧራም ጭስም ወደ ውስጥ ይገባል። እዛው ሳላችሁ የካምቢዮውን ጎሚኒ (የተቀመጠበትን ጎማ) ተመልከቱ፣ ከተሰነጠቀ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ካምቢዮው እየተነሳ ይወርዳል፣ ያም ማርሽ ያስወጣል። አንድ ሰው ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ ላይ ቢቆም አይታይም፣ ጎሚኒውን በሌቫ (በረጅም ብረት) ነቅነቅ አርጋችሁ ነው የምታውቁት።

ማርሽ አልገባ ሲል

ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ቅቤ ሆኖ ከገባ፣ ሞተር ሲነሳ ግን የኋላ ማርሽ ከተንኳኳ ካምቢዮው ንጹህ ነው፣ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አምስት ስድስት ሰከንድ ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ አሁንም ከፈጨ የሆነ ነገር የፍሪሲዮን ዲስኩን እያዞረው ነው።

ቀላሉ ምክንያት የፍሪሲዮን ዘይት መስመር ውስጥ የገባ አየር ነው፣ ወይ ፔዳሉ ላይ ያለው ፓምፕና ታች ያለው ፓምፕ መጠናቸው አይጣጣምም፣ ላይኛው ትንሽ ከሆነ ታችኛው በቂ መንገድ አይሄድም። አየሩን አስወጡ፣ ከዛ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ስንት ሚሊ እንደሚወጣ ሰው አስረግጣችሁ በማስመሪያ ለኩ። ዲስኩ ተገልብጦ ገብቶም ይሆናል፣ እሱ እንኳን ከተገጠመ በኋላ ስለማይታይ ሲገጠም ቆማችሁ እዩ።

ብዙ ሰው የሚስታት ግን ክራንኩ ጫፍ ላይ የምትገባው ትንሿ ኩሽኔታ ናት። ፊት እግር ነጂ መኪና ላይ የነበረ ሞተር ይችን ኩሽኔታ ይዞ አይመጣም፣ እዛ አታስፈልገውም። ወደ ኋላ እግር ስትቀይሩት ግን የካምቢዮው የፊት ዘንግ ጫፍ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ካልገባች ዘንጉ ጫፉ አየር ላይ ሆኖ ይንገዋለላል፣ ማርሽ ይከብዳል፣ ቀስ እያለ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ይበላዋል። የኔም መጀመሪያ የገባው ያለሷ ነበር። ካምቢዮ ከማውጣት ሌላ መፍትሄ የለውም፣ ስለዚህ ካምቢዮው ከመግባቱ በፊት በእጃችሁ ዳስሱ፣ የዘንጉ ጫፍ ውፍረትና የኩሽኔታዋ ቀዳዳም መለካት አለበት።

ድምጽ

ፎሌ ላይ ቆማችሁ ስሙ። ፍሪሲዮን ሳትረግጡ የሚያፏጭ፣ ስትረግጡ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው። ስትረግጡ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ወይ ያቺው የክራንክ ኩሽኔታ ናት።

የፊት ኩሽኔታው አዲስ ገብቶ ቶሎ ከሞተ ኩሽኔታውን አትስደቡ። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ የሚጋጠምበትን ሰፊ ቆብ ተመልከቱ፣ ሁለት መሃከል አስያዥ ፒኖች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አሮጌው ሞተር ላይ ቀርተው ይጣላሉ። ቡሎን ብቻውን መሃል አይዝም። ቆቡ ከክራንኩ መሃል ከ0.13 ሚሊ በላይ መሳት የለበትም፣ ፒኖቹ ከሌሉ በዓይን የማይታይ ስህተት ኩሽኔታ ይገላል። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ፒን አስቆርጡ፣ ርካሽ ነው። ሞተሪኖ ሲነሳ ከፈጨ ደግሞ ፍላይዊሉ (ክራንኩ ላይ የታሰረው ባለ ጥርስ ጎማ) እና ሞተሪኖው ከአንድ ቤተሰብ አልመጡም ማለት ነው፣ አንዱን ቀይሩ።

ደሴ ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ 2ኛ ማርሽ ከከበደና ከሞቀ በኋላ ከተሻለው ዘይቱን ጠይቁ። ድምጽ ለመደበቅ 140 የሚባለውን ወፍራም ዘይት የሚሞላ ሰው አለ፣ በጣም ነው የምቃወመው፣ ወፍራም ዘይት ሲንክሮው እንዲይዝ አይፈቅድም። ጂኤል-5 የሚል ዘይትም ለነሐስ ሲንክሮ ጥሩ አይደለም። 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ሙሉ፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር፣ 1.7 ሊትር አካባቢ ነው።

መንቀጥቀጥ

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሜዳው ላይ ሰባ ሰማንያ ስትይዙ ወንበር ስር የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ፎሌ አርጉት፣ ሜዳ ላይ ብቻ፣ ሐረጎ ላይ እንዳትሞክሩት። መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ሞተሩ አይደለም፣ ጎማ ወይ ፕሮፔለር ሻፍት (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) ነው። ሻፍቱ ቲ50 ሲገባ ርዝመቱ ስለሚቀየር ይቆረጣል፣ ተቆርጦ ሲበየድ ሁለቱ ክሮቼራዎች (ጫፎቹ ላይ ያሉት መስቀለኛ መጋጠሚያዎች) በአንድ መስመር ካልቆሙና ሚዛኑ ካልታየ ይርገበገባል።

እሱ ደህና ከሆነ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘንበል ለኩ። መኪናዋ በጎማዋ ሜዳ ላይ ትቁም፣ ክሪክ ላይ ከተንጠለጠለች የኋላው አክስል ስለሚወርድ ልኩ ውሸት ይሆናል። የስልካችሁን ማዕዘን መለኪያ ካምቢዮው ላይ፣ ከዛ ዲፈረንሻሉ ላይ አርጉት። ካምቢዮው ጭራው ወደ ታች 3 ዲግሪ ካዘነበለ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ 3 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ማለትም ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፣ ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይለያዩ። የኔ ካምቢዮውን ከስር የሚይዘው የተበየደ ድልድይ ጭራውን ዝቅ አርጎት ነበር፣ ጎሚኒው ስር ሁለት ወፍራም ሮንዴላ ከተን አስተካከልነው። ሻፍቱ ካምቢዮው ውስጥ ሙሉ ከገባበት ሁለት ሴንቲ ያህል መውጣቱን ደግሞ አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ጉድጓድ ስትመቱ ወደ ፊት ገፍቶ ካምቢዮውን ይሰብራል።

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ 5ኛ አልስብ አለ የሚል። እሱ ብልሽት አይደለም። የቲ50 የ4ኛ ማርሽ ሬሾ 1.000፣ የ5ኛው 0.861 ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል፣ ደሴ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ኤኢ86 ከ4ኤ-ጂኢ ጋር ሬሾው 4.3 የሆነ ዲፈረንሻል ነበራት፣ ከስር ያለው ዲፈረንሻል ከዛ ያነሰ ቁጥር ከሆነ ሽቅቡን በ3ኛ ውጡ ወይ ዲፈረንሻሉን ቀይሩ። ዲፈረንሻል ስትቀይሩ የኪሎሜትር ቆጣሪዋን ትንሽ ጥርስ አብራችሁ ቀይሩ፣ ካልሆነ ፍጥነታችሁን በስህተት ነው የምታነቡት።