የሩሲያ መምህራችሁን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?

ወደ ሩሲያ ለትምህርት የሚሄዱ ተማሪዎቼ ሁሌም የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱን ጃኬት ይችለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታችሁ፣ እጅ አውጥታችሁ «ቲቸር» የምትሉት ነገር ነው።

እዚያ መምህር የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። እኛም የአባት ስም ስለምናስከትል ቀላል ይመስላል። ግን የአባት ስም እንዳለ አይቀመጥም፤ ጅራት ይቀጠልለታል። አባትየው ኢቫን ከሆነ ወንዱ ልጅ ኢቫኖቪች፣ ሴቷ ኢቫኖቭና ናቸው። ከሰርጌይ ሰርጌዬቪችና ሰርጌዬቭና ይወጣሉ። ከኢሊያ ደግሞ ኢሊች፤ የሌኒን አባት ኢሊያ ነበራ! የቤተሰብ ስም ሌላ ነው። መምህራችሁን በእሱ ብቻ እንዳትጠሩት።

የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል፣ የእኛ ነው አይደለም የምንባባልበት ሰውዬ፣ በልጅነቱ ነው ከአፍሪካ የተወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1705 ቪልኒውስ ላይ ክርስትና ሲነሳ ታላቁ ጴጥሮስ የክርስትና አባት ሆነው። በዚያው አብራም ፔትሮቪች ተባለ። ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፤ እኔ ስለምወደው ነው።

ጣጣው የሚጀምረው የክፍል ፕሮግራም ስትቀበሉ ነው። እዚያ ላይ የምታገኙት «ስሚርኖቭ አ. አ.» የሚል ብቻ ነው። በዚህ ሰው አይጠራም። የትምህርት ክፍሉን ድረ ገጽ እዩ፤ ካልሆነ ከተማሪዎቹ መሃል የክፍላችሁ አለቃ የሆነውን ጠይቁ፤ «ስታሮስታ» ይሉታል። ሙሉ ስሙን በሩሲያ ፊደል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚጠብቅ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ምላሳችሁ እስኪለምደው።

በወሬ መሃል ስሙ ይቆራረጣል። አሌክሳንድር አሌክሳንድሮቪች «ሳን ሳኒች» ይሆናል፤ ማሪያ ኢቫኖቭና «ማሪቫና»። ይህን ስትሰሙ ማን እንደሆነ እወቁ እንጂ እናንተ ሙሉውን ጥሩ። ሳሻ፣ ማሻ፣ ዲማ የሚሉት የቁልምጫ ስሞች ለጓደኛ ናቸው።

ለመምህር ሰላምታው «ዝድራስትቩይትዬ» ነው። «ፕሪቬት» የጓደኛ ሰላምታ ነው፤ ለመምህር አይባልም። አንቱታው አያስቸግራችሁም፤ «እርስዎ» የምትሉበት ቦታ ሁሉ «ቪ» በሉ። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። እዚያ ሰላምታ ለአንድ ሰው በቀን አንዴ ነው። ጠዋት ሰላም ያላችሁትን መምህር ከሰዓት ኮሪደር ላይ ስታገኙት ደግማችሁ «ዝድራስትቩይትዬ» ብትሉት፣ ጠዋት መገናኘታችሁን የረሳችሁ ይመስለዋል። አንገት ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ይበቃል። ጤና፣ ልጆች፣ እናት አባት እያሉ መዘርዘሩን አገር ቤት ተዉት።

ፎርም ላይ «ኦትቼስትቮ»፣ ማለትም ያ ጅራት ያለው የአባት ስም፣ የሚል ክፍት ቦታ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ «ካለ» ተብሎ ተጽፏል። ደስ ብሏችሁ «ከበዶቪች» ብላችሁ እንዳትሞሉት። ለዶርም ቀልድ ይሁን። ወረቀት ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ስም ብቻ፣ ሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ።

ኢሜይል ስትጽፉ ለወንድ «ኡቫዣዬሚ»፣ ለሴት «ኡቫዣዬማያ» (የተከበሩ) ብላችሁ ጀምሩና ስምና የአባት ስም አስከትሉ። ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ይደረጋል፤ ጩኸት አይደለም፣ ደንቡ ነው። «ቪ»ን በትልቁ ፊደል ጻፉ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ስማችሁንና የቡድን ቁጥራችሁን አስቀምጡ።